ወፍ የሰማው ክስ

አያ አድማሴ በጉልምስናው ዘመን ክስ የሚወድ ሰው ነበር። አገር ያወቀው ነው። መካነ ሰላም ፍርድ ቤት ደጃፍ ያለውን ድንጋይ የሱን ያህል ተቀምጦ ያለሰለሰው የለም ይባላል። የድንበርም ይሁን የበግ፣ የሚስትም ይሁን የውርስ፣ ባለጉዳይ ከአቀስታም ከወግዲም ተነስቶ «አያ አድማሴን ጠበቃ አቁሙልኝ» እያለ ይመጣ ነበር። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከዘራውን ወደ ሰማይ ቀስሮ «ተጠየቅ!» ሲል ተከሳሽ ያልሠራውን ሁሉ ያምንለታል ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ግን እሱ የረታቸው ናቸው። የክስን ትርጉም የጠየቀው ሰው ካለ መልሱ አንድ ነበር። «ክስ ማለት ጣት ነው። ቀድሞ የቀሰረ ይረታል።»

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት ወር፣ ሰባ ዓመት ሞልቶት፣ ክስ ምን እንደሆነ እንደ አዲስ የተማረው። በዓመቱ መሬት ላራሹ ታውጆ ዘማች ተማሪዎች ወደ መንደሩ ሲመጡና «ባላባቱን የሚከስ ይነሳ!» ሲሉ ሰው ሁሉ ለምን አንገቱን ደፍቶ ዝም እንዳለ አልገባቸውም ነበር። ያቺን የመጋቢት ቀን አላዩማ።

ድርቁ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ቆላው ቀድሞ ባዶ ሆነ፤ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር የወደቀውን ሰው የሚቀብረው ጠፋ። ቀጥሎ ደጋውም ተነካ፤ በልጉ ቀረ፣ የክረምቱን ቡቃያ ውርጭ በላው። መካነ ሰላም ያሉ ነጋዴዎች ራዲዮ እየሰሙ «አዲስ አበባ ወታደሩ ተነስቷል፤ ሚኒስትሮቹ ወርደዋል» ያወራሉ። መንደሩ ግን እንዲወርድለት የሚፈልገው ዝናብ ብቻ ነበር።

በመንደሩ እህል የቀረበት ጎተራ አንድ ብቻ ነው፤ የቀኛዝማች አራጌ ጎተራ። መሬቱ የሳቸው፣ አራሹ መንደሩ ነው። ቀኛዝማችን ክፉ ሰው ናቸው ማለት ይከብዳል፤ ቆላፊ ሰው ናቸው። የጎተራው ክዳን በሰንሰለት ታስሮ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ይንጠለጠላል። «ይህ የዘር ገብስ ነው። ዘሩን የበላ አገር አይነሳም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ችግሩ የሚዘራው ሰው እስከዚያ መቆየቱ ነበር።

መጋቢት ሲገባ ሰማዩ ጥቂት ደመና አሳየ። ቀኛዝማች ለበልግ የሚዘራውን ሊሰፍሩ ክዳኑን አስነሱ። እስከ አፉ ሞልቶ የነበረው ገብስ ከጉልበት በታች ወርዷል። በጀርባ በኩል ዞረው ግድግዳውን ቢያዩት ደህና ነው፤ ቀዳዳ የለው፣ ስንጥቅ የለው። ቀረብ ብለው በእጃቸው ሲዳብሱት ግን በምርጊቱ ላይ የእጅ ምልክት አገኙ። እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። የአንድ ሰው እጅ ነው፤ ትንሿ ጣት የለችውም።

በመንደሩ ትንሿ ጣቷ የጎደለችባት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም ዘይነባ ናት።

ዘይነባ ከሁለት ዓመት በፊት ባሏን ወግዲ ቀብራ ብቻዋን የመጣች ሴት ናት። የቀኛዝማች ባለቤት ወይዘሮ አስቻለች አዝነው ከጎተራው ጀርባ፣ ካጥሩ ሥር ያለችውን ጎጆ ሰጧት፤ እሷም ግድግዳ እየመረገች፣ ቤት እየለቀለቀች ትኖራለች። ጣቷን የወሰደው ማጭድ ነው። በቀሩት አራቱ ግን የመረገችው ግድግዳ እንደ እንቁላል ይለሰልሳል። ዘመድ የላትም፣ ወገን የላትም፣ ብትሞት ለቅሶ የሚቀመጥላት የለም። ለክስ የተመቸ ሰው ቢፈለግ ከሷ የተሻለ አይገኝም።

ቀኛዝማች ግን ሕግ ወዳድ ነኝ ባይ ናቸው። ምርጊቱን በመጥረቢያ ጀርባ መትተው፣ አራት ጣት የታተመበትን ጓል አንስተው ለሰው አሳዩና እዚያው ከጎተራው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ አውጫጭኝ ጠሩ።

አውጫጭኝ ሲጠራ መንደሩ በሙሉ፣ ባልም ሚስትም፣ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። አንድ የታመነ ሽማግሌ ተመርጦ ራቅ ብሎ ለብቻው ይቀመጣል። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ወደሱ እየሄደ፣ እየማለ፣ ያየውን የሰማውን በጆሮው ይነግረዋል። ሽማግሌውም ለዳኛው «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ብሎ የሌባውን ስም ያወጣል፤ የነገረውን ሰው ስም ግን ምላሱ ቢቆረጥ አያወጣም። ከዚህ የተነሳ ሽማግሌውን ራሱን ወፍ ይሉታል።

«አያ አድማሴ ይሁን!» አለ ሰው በአንድ ድምፅ። ከሳሹም ዳኛውም ቀኛዝማች ነበሩና «ይሁን» አሉ። ከዚያ ቁልፋቸውን በእጃቸው ጨብጠው ተናገሩ።

«ሌባው ዛሬውኑ ከነቤተሰቡ ከመሬቴ ይነቀላል። ከዚያ ወዲያ ደሴ ወኅኒ ይጠብቀዋል።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። በዚያ ዓመት ከመሬቱ የተነቀለ ሰው የት እንደሚደርስ ያውቃል፤ መንገድ ዳር ነው።

አያ አድማሴ ከራሱ ጋር እየታገለ ከሜዳው ራቅ ብላ ወደቆመችው ወይራ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ምክንያቱም ከዚያ ጎተራ ሰርቋል።

ጥር ላይ ነው። የልጅ ልጁ ብርሀንነሽ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ብቻ ጠጥታ ሦስተኛው ቀን ላይ መነሳት አቃታት። እናት አባቷን የቀበራቸው እሱ ነው፤ ከእሷ ሌላ የለውም። ቅዳሜ ማለዳ፣ ቀኛዝማች መካነ ሰላም ገበያ ሲወርዱ፣ አገሩን ጉም ሲሸፍነው፣ ማጭዱንና የሟች ሚስቱን ቁና ይዞ ከጎተራው ጀርባ ቆመ። ቁናዋ ስፌት ናት፤ ሚስቱ አፏን በቀይ ክር ዙሪያዋን ሰፍታታለች። በማጭዱ ጫፍ ጭቃውን ፈልፍሎ ቁናዋን ሞላ፣ ጋቢው ላይ ገለበጠ፤ ዳግመኛ ሊሞላ ሲል ሰው ሲያስል ሰማ። ቁናዋን እዚያው ጥሎ፣ ቀዳዳውን እንዳፈሰሰ ትቶ፣ በሰባ ዓመት እግሩ እየሮጠ ቤቱ ገባ።

በማግሥቱ ዳር ዳሩን እየዞረ ሲያይ ግድግዳው ደህና ነው። ቀዳዳ የለም። ቁናም የለችም። የሚከስም፣ የሚጠይቅም አልመጣም። አያ አድማሴ ጎጆው ገብቶ በግንባሩ ተደፋ። «እመቤቴ ማርያም፣ አንቺው ሸፈንሽኝ!» አለና ቀን ሲወጣለት አንድ ጃንጥላ ሊያስገባ ተሳለ። ብርሀንነሽም ከቆሎውም ከበሶውም ቀምሳ ነፍስ ዘራች።

አሁን ያ ምርጊት የማርያም እጅ እንዳልነበረ አየ። ማርያም አሥር ጣት አላት። ሙግት ያደገበት ልቡም ወዲያው ወደ ሥራው ገባ። ዘይነባ ለራሷ እየሰረቀች ቀዳዳዋን ስትመርግ የሱንም አብራ መርጋለታለች ማለት ነው። ያው ሌባ ናት። የሱ አንድ ቁና በሷ ላይ ቢደረብ ምን ይጨምርባታል? እሱ ቢነቀል ግን ብርሀንነሽ ትሞታለች። ሰው ሁሉ መጥቶ «ዘይነባ ናት» ይለዋል፤ እሱም «ወፍ ዘይነባ አለችኝ» ይላል። ውሸት የለበትም። ይህን ቆርጦ የመጀመሪያውን ሰው በእጁ ጠራ።

መጀመሪያ የመጣው ፈንታሁን ነው። ድሮ በሬ የሚያህል ሰው ነበር፤ ዛሬ ሸሚዙ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። ተንበርክኮ ማለ።

«በል እንጂ፣ ማንን ጠረጠርህ?» አለው አያ አድማሴ።

«እኔው ነኝ አያ።»

«ምን?»

«እኔው ነኝ የሰረቅሁ። ሌላ ሰው እንዳይጠሩ። ማርያም ቀዳዳውን ሸፍናልኝ ነበር፤ አሁን ግን በኔ ኃጢአት ሌላ ሰው ሊነቀል ነው። የኔን ስም ይስጧቸው።»

አያ አድማሴ በእጁ ብቻ ሂድ አለው። ቀጥላ ይታይሽ መጣች፤ ጨቅላዋን በጀርባዋ አዝላለች። ልትምል እጇን አነሳች።

«እኔ ነኝ አያ። ሁለት ጊዜ ነው። ለመጀመሪያው ማርያም ሸፈነችልኝ፤ በሁለተኛው ደፈርኋት።»

ከዚያ ሌላው መጣ፤ እኔ ነኝ አለ። ሌላዋ መጣች፤ እኔ ነኝ አለች። ባል ከሚስቱ ተደብቆ፣ ሚስት ከባሏ ተደብቃ የሰረቁ ነበሩ፤ እሱም አልነገራት፣ እሷም አልነገረችው፤ ሁለቱም ያመጡትን «ዘመድ ሰጠኝ» ብለው አብረው በልተውታል። የደብሩ ቄስ ሳይቀሩ መጡ። ቀና ብለው ማየት አቅቷቸው መስቀላቸውን እያገላበጡ፣ «ቅዳሜ ሰርቄ እሑድ "አትስረቅ" የሚለውን ሰብኬያለሁ፤ ደግሞ በጣም ጥሩ አድርጌ ነው የሰበክሁት» አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን አያ አድማሴ እስኪያነባ ይስቅ ነበር።

አንዱም ሌላው መስረቁን አያውቅም። እያንዳንዱ ግድግዳውን ደህና ሆኖ አግኝቶ የመጀመሪያው ሌባ እኔ ነኝ ብሏል፤ በማግሥቱም ተሸፍኖ ሲያገኘው ተአምር ተደረገልኝ ብሎ በልቡ ይዟል። ለማርያም የተሳለው ጃንጥላ ቢሰበሰብ ደብሩን በሙሉ ያለብስ ነበር።

አያ አድማሴ በዕድሜው ስንት ሺህ ክስ ሰምቷል። ልጅ አባቱን ሲከስ፣ ወንድም ወንድሙን ሲከስ፣ ለአንድ ክንድ መሬት አጥንት ከመቃብር ሲያስወጣ አይቷል። ጣት ሁሉ ወደ ውጭ ሲቀሰር ነው የኖረው። ዛሬ ግን ርሃብ አጥንቱን ያስቆጠረው ሕዝብ፣ ማንም በማይሰማበት፣ «ዘይነባ» ብሎ መሄድ እየቻለ፣ አንድ በአንድ እየመጣ ጣቱን ወደ ራሱ ደረት ያዞራል። አንድ ሰው እንኳ ዘይነባ አላለም። ዘይነባ ሊል የተዘጋጀ ከመንደሩ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሱም ወፉ ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ መሀል ሰባ ዓመት መኖሩንና አለማወቁን ሲያስበው ፈራ፤ ሳያውቅ ጫማውን ሳያወልቅ ቤተ መቅደስ የገባ ሰው ያህል ፈራ።

በመጨረሻ ዘይነባ መጣች። ሻርፗን እስከ ጉልበቷ አውርዳ ተከናንባ፣ ከፊቱ ቁጢጥ አለች።

«ማይ» አላት፤ ድምፁ ለራሱም አልታወቀውም።

«ወላሂ፣ እውነቱን እናገራለሁ።»

«ምርጊቱ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሰርቀሻል?»

«አልሰረቅሁም። ወይዘሮዋ የሚያቀምሱኝ ለነፍሴ በቅቶኛል፤ አልሐምዱሊላህ።»

«ታዲያ ለምን መረግሽው?»

ዘይነባ መሬቱን በአራት ጣቷ ጫር ጫር አደረገች። «ሰው እየፈለፈለ ይሄዳል፤ ገብሱ ይፈስሳል። ዝም ብል ቀኛዝማች ያዩና መጀመሪያ የመጣውን ይይዙታል፤ ሌላውም አያገኝ። ስለዚህ እመርገዋለሁ።»

«ሁሉንም አይተሻል?»

ዘይነባ እጇን ከሻርፗ ሥር አስገብታ አንድ ነገር አወጣችና፣ ሜዳ ላይ ያለው ሰው እንዳያይ በሰውነቷ ከልላ፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ቁናዋ ናት። አፏ ላይ ያለው ቀይ ክር አልለቀቀም።

«ይቺ የቤትዎ ናት አያ። የሟች እጅ ሥራ መሆኗን ሰው ነግሮኝ ነበር፤ አይጥ እንዳይበላት ምሰሶ ላይ ሰቅያት ከረምሁ። ያን ቀን ጉሙ ያስላል፤ ያሳልሁት እኔ ነበርሁ። አስደነገጥሁዎት፤ አውፍ ይበሉኝ።»

አያ አድማሴ ቁናዋን ማንሳትም መተውም አቃተው።

«ዘይነባ፣ ይቺን ዛሬ ጠዋት ለቀኛዝማች ብታሳዪያቸው ኖሮ አንቺ ነፃ ትወጪ ነበር። የመንደሩ ክስ ሁሉ በእጅሽ ነበር እኮ። ምነው ዝም አልሽ?»

«ባሌ ወግዲ ሲሞት ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ዘግቶ ነበር» አለች፤ የምታወራው ስለ ትናንት ገበያ ይመስል። «አልፈርድባቸውም፤ እነሱም ርቧቸዋል። እኔ የምከፍተው በር የለኝም አያ፤ ያለኝ ጭቃ ነው።»

«እኛ እኮ ማርያም ናት ብለን…»

«አስተግፊሩላህ!» ብላ ፈገግታዋን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነች። ከዚያ ፊቷ ኮስተር አለ። «አሁን የኔን ስም ይስጡና ሰው ወደየቤቱ ይግባ። ሕፃናቱ ፀሐይ ላይ ናቸው። እኔ ልጅ የለኝ፣ ምን የሚቀር አለኝ?»

አያ አድማሴ ቁናዋን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ በከዘራው ተደግፎ ከወይራዋ ሥር ተነሳ። ሜዳው ላይ ቀኛዝማች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ጸሐፊያቸው አሻግሬ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «ከሳሽ፦ ቀኛዝማች አራጌ። ተከሳሽ፦» ብሎ ጽፎ ብዕሩን አንጠልጥሎ ይጠብቃል።

«ወፍ ምን አለች?» አሉ ቀኛዝማች።

«የወፍን ቃል ብናገር አንድ ስም አይበቃም፤ ስሞቹን ደግሞ መሐላዬ አያስወጣኝም» አለ አያ አድማሴ። «የራሴን ስም እንዳልናገር ግን ማንም አላስማለኝም።» ቁናዋን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ ቀኛዝማች እግር ሥር፣ አፏን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጣት። «ይቺን ቁና የማያውቅ አለ? የሚስቴ ናት። ጥር ላይ በሷ ሰፍሬ ከጎተራዎ ሰርቄያለሁ። ተከሳሹ እኔ ነኝ፤ ከሳሹም እኔው ነኝ። ይጻፍ።»

ይህን ተናግሮ ብርሀንነሽን በዓይኑ ፈለጋት። ከሴቶቹ መሀል ቆማ ታየዋለች። ልቡ ተሰነጠቀ፤ ቃሉን ግን አልመለሰም።

አሻግሬ «አድ…» ብሎ መጻፍ ሲጀምር ፈንታሁን ከኋላ ተነሳ።

«የኔ አቁማዳ ቤት ናት» አለ። «ላምጣት?»

«ማንም ከሜዳው አይወጣም!» አሉ ቀኛዝማች። ፈንታሁን ግን ሄደ። ይታይሽ ተከተለችው። ከዚያ ቄሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተነሱ። ባልና ሚስቱ እርስ በርሳቸው ተያይተው፣ አፋቸውን ይዘው፣ አብረው ተነሱ። አውጫጭኝ ከተፈጠረ ጀምሮ ሰው ሳይፈቀድለት የተበተነበት ያ ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰውም ሲበተን የሄደው ለማምለጥ አልነበረም። ሁሉም ተመለሰ። አቁማዳ ይዞ የመጣ አለ፤ ስልቻ፣ ቅል፣ እንቅብ፣ የተቀደደ ጋቢ ይዞ የመጣ አለ። እያንዳንዱ የሰረቀበትን ባዶ ዕቃ ከአያ አድማሴ ቁና ጎን እያስቀመጠ ከኋላው ይቆማል። ሰውም ዕቃውን ሲያይ ገባው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንደ አዲስ እያየ፣ «አንተም? አንቺም?» ይባባል ጀመር። አንዲት አሮጊት እልል ማለት ጀምራ አፈረችና አቆመች።

አሻግሬ ወደ ወረቀቱም ወደ ሰዉም አየ። «ጌታዬ፣ ተከሳሽ ማን ልበል?»

ከሳሽ የተከሳሽን መልስ ቢያውቅ ከቤቱ ባልወጣ ይባላል። ቀኛዝማች ዓይናቸው ዘይነባን ፈለገ። «አንቺ! ምስክር ነሽ። ምን አየሽ?»

«ምንም ጌታዬ። ግድግዳ ነው ያየሁ።»

ቀኛዝማች ሊጮኹ አፋቸውን ሲከፍቱ የግቢው በር ተንቋቋ። ወይዘሮ አስቻለች ሰፌድ ይዘው ወጡ። አርባ ዓመት አብረዋቸው ኖረዋል፤ ሰው ፊት ቃል መልሰውላቸው አያውቁም። በሕዝቡ መሀል ቀስ ብለው አለፉና ሰፌዱን ከዕቃዎቹ ጎን አስቀመጡ።

«ቁልፉ አንገትዎ ላይ ነበር» አሉ ለባላቸው። «ስለዚህ እኔም በጀርባ በኩል ነው የገባሁት።» ከዚያ ዞረው ሕዝቡ ከቆመበት ቆሙ።

ቀኛዝማች በርጩማቸው ላይ ቀሩ። ከሳቸው ወገን የቆመ አንድም ሰው የለም፤ አሻግሬ እንኳ ብዕሩን ከድኖ ወደ ዳር ፈቀቅ ብሏል። ከፊታቸው መንደሩ በሙሉ፣ እግራቸው ሥር ባዶ ዕቃ። ማንም አላለቀሰ፣ ማንም «ማሩኝ» አላለ። ሰው ሁሉ ሲፈራቸው የኖሩት ቀኛዝማች በዚያ ሰዓት ሰውን ፈሩ፤ አያ አድማሴ ፊታቸው ላይ አየው፤ ፍርሃቱን ያወቀው እሱም ከወይራው ሥር ያንኑ ስለቀመሰ ነው።

በዝምታው መሀል ሽርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። ጠዋት በመጥረቢያ ከመቱት ግድግዳ ላይ ገብሱ በቀጭኑ እየፈሰሰ ነው። ዘይነባ ሰማችው። እጇ እንደ ልማዱ ሄደ፤ ከጎጆዋ ደጃፍ ካቦካችው ጭቃ አንድ እፍኝ አንስታ ወደ ቀዳዳው ተጠጋች፤ ከዚያ ሰው እያያት መሆኑ ትዝ ሲላት ቆመች።

«ልምረገው ጌታዬ?» አለች።

ቀኛዝማች ገብሱን አዩ። ዕቃዎቹን አዩ። ከሁሉም በላይ የሚስታቸውን ሰፌድ ረዥም ጊዜ አዩት። እጃቸው አንገታቸው ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄዶ እዚያው ቀረ።

«ተይው» አሉ።

ዘይነባ ጭቃውን መልሳ እጇን በሣር ጠረገች። አያ አድማሴ ጎንበስ ብሎ የሚስቱን ቁና አነሳና ሄዶ ከሚፈስሰው ገብስ ሥር ደገናት።